የቅጠል ሰም፥ የዝናብ ወርቅ

በአገራችን ስለ ዝናብ የማይናገር ሰው የለም። ገበሬው ይናገራል፤ ነጋዴው ይናገራል፤ ባለሥልጣኑም ስለ ረኃብ በተጠየቀ ጊዜ መልሱን ከደመናው ይጀምራል። ነገር ግን ዝናብ ምስክር የሚተው አይመስልም። ወርዶ ይሰርጋል፤ ፈስሶ ይሄዳል፤ ተንኖ ይጠፋል። ንጉሥ ቢሞት ዜና መዋዕሉ ይቀራል፤ ቤተ ክርስቲያን ቢፈርስ መሠረቱ ይቀራል። ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት በቦረና፥ በወግዲ፥ በከላላና በለጋምቦ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብስ ምን ተወ?

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ያ የጥንት ዝናብ ምስክር የተወ መሆኑን ነው። ምስክሩ ቅጠል ላይ የተቀባው ሰም ነው። ቃሉን የሚቀበሉት ደግሞ ሁለት የተጣመሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ አንደኛው ጋዝ ክሮማቶግራፍ፥ ሁለተኛው የአይሶቶፕ ሬሾ ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። ስማቸው ረጅምና አስፈሪ ቢሆንም ሥራቸው በሁለት ቃል ይነገራል፤ የመጀመሪያው ይለያል፥ ሁለተኛው ይመዝናል።

«እናንተ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች፥ የኬሚስትሪ ነገር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። የወሎ ታሪክ ሲጻፍ «ድርቅ» የሚለው ቃል በየገጹ ይገባል። አንድ ቃል በታሪካችን ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ካለው፥ እንዴት እንደሚለካና ልኩም እስከ የት እንደሚያደርስ ማወቅ የታሪክና የጂኦግራፊ ተማሪም ግዴታ ነው። ልኩን ያላወቀ ሰው ወይ በጭፍን ያምናል፥ ወይ በጭፍን ይክዳል። ሁለቱም ለምሁር አይገቡም።

ከባዱና ቀላሉ ሃይድሮጅን

ውሃ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተሠራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሃይድሮጅን ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ተራው ሃይድሮጅን በእምብርቱ አንድ ፕሮቶን ብቻ አለው። ሌላው ከፕሮቶኑ ጋር አንድ ኒውትሮን ስላለው ክብደቱ እጥፍ ያህል ነው፤ ስሙም ዲዩቴሪየም ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሮልድ ዩሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1931 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ በ1934 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ዲዩቴሪየም ጨረር አያወጣም፤ ዘመን ቢረዝምም አይፈርስም። ስለዚህ ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት የነበረው ዛሬም እንዳለ አለ።

ብዛቱ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በውቅያኖስ ውሃ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሃይድሮጅን አተሞች መካከል ዲዩቴሪየም የሆኑት 156 ያህል ብቻ ናቸው። ሊቃውንቱ ይህን የውቅያኖስ ውሃ መጠን እንደ ቁና አድርገው ሌላውን ሁሉ በእርሱ ይሰፍራሉ። ልዩነቱም «ከሺህ ይህን ያህል» እየተባለ ይነገራል። አንድ ነገር «ከሺህ 100 ያነሰ» ነው ከተባለ፥ ዲዩቴሪየሙ ከውቅያኖሱ በአንድ አሥረኛ ጐደለ ማለት ነው፤ 156 የነበረው 140 ያህል ሆነ ማለት ነው።

ይህ ጥቂት ልዩነት ከየት ይመጣል? ከጉዞ ይመጣል። ፀሐይ ባሕሩን ስትሞቀው ቀላሉ ውሃ ቀድሞ ይተናል፥ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። ተኑ ቀዝቅዞ ዝናብ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከባዱ ቀድሞ ይወርዳል። ጭነት የበዛበት መንገደኛ በመጀመሪያው ማረፊያ ከባድ ከባዱን እንደሚያራግፍ፥ ደመናም ከባዱን ውሃ በየመንገዱ እያራገፈ ይሄዳል። ብዙ የተጓዘና ብዙ የዘነበ ደመና በመጨረሻ የሚጥለው ዝናብ እየቀለለ ይሄዳል። ብርቱ ዝናብም ባለበት ወቅት ውሃው ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል። እንግዲህ የዝናብ ውሃ ከየት እንደ መጣና በመንገዱ ምን እንደ ደረሰበት የሚናገር የይለፍ ወረቀት ይዞ ይወርዳል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከዓለም የሜቴዎሮሎጂ ድርጅት ጋር ተባብሮ በየአገሩ የሚዘንበውን ውሃ ማስመርመር የጀመረው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ ነው። አዲስ አበባም ረጅም መዝገብ ካላቸው ከተሞች አንዷ ናት። የአዲስ አበባ መዝገብ ለሊቃውንቱ እንቆቅልሽ ሆኖ ኖሯል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ዝናቧ ቀላል ሊሆን ይገባው ነበር፤ የሆነው ግን ከሚጠበቀው ይልቅ ከባድ ነው። ለዚህ ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ፥ ከዝናባችን ከፊሉ በኮንጎ ደንና በሱዳን ረግረግ አንድ ጊዜ ዘንቦ፥ በዕፀዋት ተጠጥቶ፥ ዳግመኛ ተንኖ የመጣ ነው የሚል ነው። የሌላ አገር ደን የእኛን ክረምት ያጠጣል ማለት ነው። ይህን ሐሳብ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ቆም ብለው ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሰሙ

የዛሬው ዝናብ በጠርሙስ ተቀድቶ ይመረመራል። የጥንቱን ግን ማን ቀዳልን? ቅጠል ቀዳልን።

ከዝናብ በኋላ የጎመን ቅጠል ያየ ሰው ውሃው ሳያርሰው እንደ ዶቃ ሲንከባለል ተመልክቷል። ይህን የሚያደርገው በቅጠሉ ላይ ያለው ስስ ሰም ነው። ጎመን ብቻ አይደለም፤ ገብሱም፥ ወይራውም፥ በደንቆሮ ደን ያለው ኮሶና አስታ፥ ከዚያ በላይ ያለው ጅብራም እንዲህ ያለ ልባስ አላቸው። ተክሉ ሰሙን የሚሠራው ከአየር በወሰደው ካርቦንና በሥሩ ከጠጣው ውሃ በተገኘ ሃይድሮጅን ነው። ስለዚህ የዝናቡ ዲዩቴሪየም ወደ ሰሙ ይገባል።

ሰሙ በውስጡ የስብ አሲዶች አሉት። የስብ አሲድ ማለት የካርቦን አተሞች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው፥ በየካርቦኑ ላይ ሃይድሮጅን ተለጥፎባቸው፥ በአንድ ጫፍ የአሲድ ራስ ያላቸው ናቸው። ልዩነታቸው በርዝመታቸው ነው። በቅቤያችን ውስጥ በብዛት የሚገኙት ባለ 16 እና ባለ 18 ካርቦን ናቸው። ባለ 16ቱን ላምም፥ ሰውም፥ ዓሣም፥ የሐይቅ አረንጓዴ ዝቃጭም፥ ባክቴሪያም ይሠሩታል። ስለዚህ በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ባለ 16 ቢገኝ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ከገበያ መካከል እንደ ተሰማ ወሬ ነው። ባለ 28 ካርቦኑ ግን በአብዛኛው የየብስ ተክል ቅጠል ሥራ ነው። ሊቃውንቱ እርሱን የመረጡት ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ ሃይድሮጅን ወረተኛ ነው፤ በአጠገቡ ውሃ ባገኘ ጊዜ ሁሉ ቦታውን ይለውጣል። ከካርቦን ጋር የተያያዘው ግን በተራ ሙቀት ሺህ ዓመታት ቢያልፉም ቦታውን አይለቅም። ቅጠሉ ረግፎ፥ ነፋስና ጎርፍ ሰሙን ወደ ሐይቅ ወስደውት፥ ከጭቃ ጋር ተደራርቦ ሲተኛ፥ በውስጡ የያዘው የዝናብ ምልክት ሳይነካ ይቆያል። በቅኔ ቤት ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማውጣት እንደሚባለው ሁሉ፥ እዚህም ወርቁ ሰሙ ውስጥ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሰሙ እውነተኛ ሰም መሆኑ ነው።

ለያዩና መዛኙ

አሁን ወደ ላቦራቶር እንግባ። ከሐይቅ ወለል በረጅም ቱቦ የወጣው ጭቃ በመጀመሪያ ዕድሜው በራዲዮካርቦን ይወሰናል። ከዚያ ከየእርከኑ ጥቂት ተቆርጦ ይደርቃል፥ ይፈጫል፤ ስብ በሚያሟሙ ፈሳሾችም ይታጠባል። ስቡና ሰሙ ከፈሳሹ ጋር ይወጣሉ፤ አፈሩ ይቀራል። ከወጣውም ውስጥ አሲዶቹ ከሌላው ተለይተው ይወሰዳሉ።

ባለ 28ቱ አሲድ እንዳለ ቢሞቅ በቀላሉ አይተንም፥ መንገድ ላይም ይጣበቃል። ስለዚህ ከሜታኖል ጋር እንዲዋሐድ ተደርጎ የአሲዱ ራስ ይሸፈናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሜታኖሉ ከራሱ 3 ሃይድሮጅን ይጨምራል፤ እነዚህ 3ቱ ወሎን ወይም ጎጃምን አያውቁም፥ ከፋብሪካ የመጡ ናቸው። አሲዱ በበኩሉ የራሱ 55 ይቀሩታል፤ ድምሩ 58 ይሆናል። እንግዲህ የሜታኖሉ መጠን አስቀድሞ ተለክቶ ከውጤቱ መቀነስ አለበት። ለምሳሌ መሣሪያው ከሺህ 125 ያነሰ ነው ቢል፥ ሜታኖሉም ከሺህ 60 ያነሰ ቢሆን፥ የአሲዱ እውነተኛ ልክ ከሺህ 128.5 ያነሰ ይሆናል። ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው፤ ያልተደረገ እንደ ሆነ ግን ከጥንቱ ዝናብ ጋር የፋብሪካው ሜታኖል ተቀላቅሎ ይነበባል።

ቀጥሎ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይመጣል። ይህን ጥበብ በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳዩት እንግሊዛውያኑ አንቶኒ ጄምስና አርቸር ማርቲን ናቸው፤ በመጀመሪያ የለዩበትም የስብ አሲዶችን ነበር። መሣሪያው በዋናነት በምድጃ ውስጥ የተጠቀለለ ከፀጉር ጥቂት ወፈር ያለ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ርዝመቱ ሲዘረጋ 30 ወይም 60 ሜትር ይደርሳል። የቱቦው የውስጥ ግድግዳ አሲዶቹ ሊያርፉበት የሚወዱት ልባስ አለው፤ በመካከሉም ሂልየም የተባለ ጋዝ እየነፈሰ ይገፋቸዋል።

ነገሩን በምሳሌ እናቅርበው። ብዙ ሰዎች በአንድ ጠዋት ከመካነ ሰላም ተነሥተው በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ በእግር ቢጓዙ፥ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይደርሱም። አንዱ ሳይቆም ይገሰግሳል፤ ሌላው በየጠላ ቤቱ አረፍ ይላል። ደሴ በር ላይ የቆመ ሰው የማረፍ ፍቅራቸውን በመድረሻ ሰዓታቸው ያውቃል። በቱቦውም ውስጥ አጭሩ አሲድ ቶሎ ይደርሳል፤ ረጅሙ በየግድግዳው እያረፈ ይዘገያል። ምድጃው ቀስ በቀስ ሲሞቅ ረጃጅሞቹም በየተራ ይነሣሉ፤ ባለ 26፥ ባለ 28፥ ባለ 30 እየተባሉ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ተደባልቆ የገባው ተለይቶ ወጣ ማለት ነው።

ተለይቶ የወጣው አሲድ ሙቀቱ ከ1,400 ዲግሪ ወደሚበልጥ የሸክላ ቱቦ ይገባል። ይህ ብረት ሊቀልጥበት ጥቂት የሚቀረው ሙቀት ነው። በዚያ ውስጥ አሲዱ ይበታተናል፤ ሃይድሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደፊት ይሄዳል። መዛኙ መሣሪያም ይቀበለዋል። በዚያም ጋዙ በኤሌክትሮን ተመትቶ የኤሌክትሪክ ምልክት ይይዛል፤ ከዚያ በማግኔት መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል። ባዶ አህያና የተጫነች አህያ በአንድ ፍጥነት ወደ መታጠፊያ ቢደርሱ፥ ባዶዋ በአጭሩ ስትታጠፍ የተጫነችው ሰፋ አድርጋ ትዞራለች። ክብደቱ 2 የሆነው ተራ ሃይድሮጅን በአንድ መንገድ፥ ዲዩቴሪየም የያዘው ባለ 3 ክብደት በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። በየመንገዱ መጨረሻ ላይ መቀበያ ጽዋ አለ፤ ወደ ሁለቱ ጽዋዎች የገባው ይነጻጸራል።

ይህ ሁሉ ቀላል ይመስላል፤ አስቸጋሪ የሚያደርገው አንድ አስመሳይ አለ። በመሣሪያው ውስጥ ተራ ሃይድሮጅኖች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ አንዳንድ ጊዜ ሦስት አተም አንድ ላይ ይጣበቃል። የዚህም ክብደት 3 ነው። ዲዩቴሪየም ሳይይዝ ወደ ዲዩቴሪየሙ ጽዋ ይገባል። ጋዙ በበዛ መጠን አስመሳዩም ይበዛል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሥራ ሳይጀምሩ መጠኑ የታወቀ ንጹሕ ሃይድሮጅን አንዴ ጥቂት፥ አንዴ ብዙ እያደረጉ አስገብተው አስመሳዩ ስንት እንደ ሆነ ያሰላሉ፤ ከውጤቱም ይቀንሱታል። ከዚህ ሌላ ልካቸው አስቀድሞ የታወቀ አሲዶች በናሙናዎቹ መካከል እየገቡ መሣሪያው እንዳልዋሸ ይመሰክራሉ። እያንዳንዱ ናሙናም ይደጋገማል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ልኩ ከሺህ ጥቂት እጅ ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል። በታሪክ ትምህርት አንድ ምስክር ብቻ በቂ አይደለም እንደምንለው፥ በዚያም ቤት አንድ ልክ ብቻ ልክ አይደለም።

የተበጣው ጆሮ

እስካሁን የተናገርነው ተፈጥሮ ራሷ ስላደረገችው ምልክት ነው። ሰው በእጁ የሚያደርገውም ምልክት አለ። ልዩነቱን ገበሬ በቀላሉ ያውቀዋል፤ በግ በመልኩ ይለያል፥ መልኩ ካልበቃ ደግሞ ጆሮው ይበጣል። በዲዩቴሪየም ምልክት የተደረገባቸው የስብ አሲዶች ጆሯቸው የተበጣ በጎች ናቸው።

ይህን ጥበብ በሰፊው ያስጀመሩት ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ ኒው ዮርክ የሄደው ሩዶልፍ ሾንሃይመርና ባልደረባው ዴቪድ ሪትንበርግ ናቸው። በ1935 እ.ኤ.አ. በተልባ ዘይት ላይ ዲዩቴሪየም ጨምረው ለአይጦች አበሉ። እኛ በደጋችን ቆልተን ለፆም የምንበጠብጠው ተልባ ያን ቀን ለታላቅ ጥያቄ አገለገለ። የዚያን ጊዜ አሳብ፥ በሰውነት ውስጥ የተቀመጠ ስብ ለክፉ ቀን የተቆለፈ ጎተራ ነው፤ በየቀኑ የሚበላው ግን በቀጥታ ይቃጠላል የሚል ነበር። ውጤቱ ሌላ ሆነ። ክብደት ባልጨመሩት አይጦች ውስጥ እንኳ አዲሱ ስብ ብዙው ወደ ጎተራው ገብቶ ተገኘ። ጎተራው ተቆልፎ የተቀመጠ አልነበረም፤ በየቀኑ ይገባበታል፥ በየቀኑም ይወጣበታል።

እነ ሾንሃይመር ስቡን አቃጥለው ከሚወጣው ውሃ ነበር የሚለኩት። ዛሬ ለያዩና መዛኙ በአንድነት ስለሚሠሩ አሲዶቹ አንድ በአንድ ይለካሉ። ለሰው ጥቂት ከባድ ውሃ ይሰጣል፤ ጉበት ከስኳርና ከእንጀራ አዲስ ስብ ሲሠራ ዲዩቴሪየሙን ያስገባበታል፤ ከደም በተወሰደው ባለ 16 አሲድ ውስጥ ስንቱ አዲስ እንደ ሆነ ይሰላል። መሣሪያው እጅግ ጥቂቱን ስለሚያይ የሚሰጠውም ምልክት ጥቂት ይበቃዋል።

የጣና ጭቃ ምን አለ?

መካነ ሰላም ያለችበት የደቡብ ወሎ ምዕራብ ደጋ ከሁለት የጭቃ መዛግብት መካከል ነው። በምሥራቅ በኩል የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ አለ። በሰሜን ምዕራብ ጣና አለ። አባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ ሲወርድ በወግዲና በቦረና ቆላ ሥር ያልፋል።

ከጣና በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጭቃ ብዙ ነገር ተናግሯል። ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቹ፥ ከነዚህም መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር፥ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ጣና ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ደርቆ እንደ ነበር አሳዩ። ዛሬ ታንኳ የሚሄድበት የዚያን ጊዜ ደረቅ መሬት ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካሳንድራ ኮስታ፥ ጄምስ ራስል፥ ብሮንወን ኮኔኪና ላምብ የ15 ሺህ ዓመት የቅጠል ሰም መዝገብ አወጡ። የሰሙ ዲዩቴሪየም ከሺህ 80 ከማነስ ከሺህ 170 እስከ ማነስ ይለዋወጣል። ይህን በቁጥር ብናይ ከአንድ ሚሊዮን ሃይድሮጅን መካከል 143 በነበረበት ዘመንና 129 በነበረበት ዘመን መካከል ያለ ልዩነት ነው። አሥራ አራት አተም ከሚሊዮን! የአገር አየር የተለወጠው በዚህ ተነበበ።

ምን ሆነ? ከ13 ሺህ እስከ 11 ሺህ 500 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰሙ ድንገት ቀለለ። ይህ ሰሐራ ሣርና ሐይቅ የነበረው የአፍሪካ እርጥብ ዘመን መጀመሪያ ነው። ከዚያ ከ8 ሺህ 500 እስከ 8 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰሙ እንደ ገና ድንገት ከበደ፤ ከዚያም ወዲህ በአብዛኛው ከባድ እንደ ሆነ ቆየ። የእርጥቡ ዘመን መጨረሻ ግን ከ5 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው ሲባል የኖረ ነው። ታዲያ ጣና ለምን ቀደመ? የጥናቱ ጸሐፊዎች መልስ፥ ሰሙ የሚናገረው የዝናቡን ብዛት ብቻ አይደለም፥ የመጣበትንም አቅጣጫ ነው የሚል ነው። ከአትላንቲክ በኮንጎ በኩል የሚመጣው ነፋስና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ነፋስ የሚገናኙበት ድንበር አለ። በእርጥቡ ዘመን ድንበሩ ወደ ምሥራቅ ተገፍቶ የምዕራቡ ዝናብ ወደ ደጋችን በብዛት ይደርስ ነበር፤ ድንበሩ ወደ ምዕራብ ሲመለስ ያ ዝናብ ቀነሰ። ክረምትን ከምዕራብ፥ በልግን ከምሥራቅ ለሚጠብቅ የወሎ ደገኛ ይህ የድንበር ነገር ከማናቸውም ድንበር የሚያንስ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሰሙ ብቻውን አይታመንም። ተክል የጠጣውን ውሃ እንዳለ አይገለብጥም፤ ሰሙ ከውሃው ይልቅ ከሺህ መቶና ከዚያም በላይ ይቀላል፤ የሣርና የዛፍ ልማድም ይለያያል። ደን ተመንጥሮ ሣር ቢተካ፥ ዝናቡ ሳይለወጥ ሰሙ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የአበባ ብናኝ ምርመራ አብሮ ያስፈልጋል። ለዚህ የሐይቅ ጭቃ ጥሩ አብነት ነው። ኢየን ዳርቢሻየር፥ ላምብና መሐመድ ዑመር በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ በዚያ አገር የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ተመናምኖ፥ ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ጥድ እንደ ገና እንደ በዛ አሳይተዋል። የወሎ ደን ዱሮ ሙሉ ነበረ፥ በእኛ ዘመን ጠፋ የሚለው ቀጥተኛ ታሪክ እንኳ በጭቃው ፊት ተጠያቂ ነው።

ድርቅና ረኃብ

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንምጣ። ይህ ሁሉ ጥበብ የረኃብን ታሪክ ይጽፍልናል? አይጽፍም። የማይጽፍበትንም ምክንያት ማወቅ መሣሪያውን ከማወቅ እኩል ይጠቅማል።

አንደኛ፥ ከሐይቅ የወጣ አንድ የጭቃ ቁራጭ የብዙ ዓመታት ዝናብ በአንድነት የያዘ ነው። ስለ ሺህ ዓመታት ይናገራል፤ 1965 ዓ.ም. ከ1964 ዓ.ም. በምን እንደ ተለየ አይናገርም። ሁለተኛ፥ ሰም የሚያውቀው ዝናብን እንጂ ጎተራን አይደለም። ክፉ ቀን የተባለውን ዘመን እናስብ። ከ1881 ዓ.ም. አንሥቶ የከብት በሽታ አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢመጣስ በምን ያርሳል? ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። በሬው ማለቁ ግን በቅጠል ሰም ላይ አይጻፍም።

የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብም እንዲሁ ነው። ዝናብ መጥፋቱ አይካድም። ነገር ግን አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስለ ድህነትና ስለ ረኃብ በጻፈው መጽሐፍ የኢትዮጵያ የእህል ምርት በጠቅላላው ብዙ እንዳልወደቀ፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ረኃቡን በሚያህል መጠን እንዳልናረ፥ ከወሎም ወደ ሌላ ከተማ የወጣ እህል እንደ ነበረ አሳይቷል። ሰው የሞተው እህል ከአገር ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን መግዣ ስላጣ ነው። ይህን ከመሣሪያው ጽዋ ውስጥ ማንም አያገኘውም። የሚገኘው ከገበያ መዝገብ፥ ከግብር ደረሰኝ፥ ከአራሹና ከባለመሬቱ ውል፥ ከሽማግሌ ቃል ነው።

እንግዲህ የአርት ፋኩልቲና የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪዎች የሥራ ክፍፍል ግልጽ ነው ብለን እናምናለን። ስለ ዝናቡ የሚጠየቅ ዝናቡን ይመስክር፤ ስለ ሰው የሚጠየቅ የሰውን ያጥና። ሁለቱ ካልተገናኙ ግን አደጋ አለ። ዝናቡን ያልለካ ሰው ክፋትን ሁሉ በሰው ላይ ይጭናል፤ ሰውን ያላጠና ደግሞ ክፋትን ሁሉ በሰማይ ላይ ይጭናል። የሰማዩ ጥፋት ብቻ ከሆነ ማንም አይጠየቅም፤ ባለሥልጣንም፥ ነጋዴም፥ እኛም። ለዚህ ነው ልኩ የት ላይ እንደሚያበቃ አጥብቀን ማወቅ ያለብን።

በመካነ ሰላም ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። በዚያም፥ በደሴም፥ በባሕር ዳርም፥ በአዲስ አበባም የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ትልቁ መሣሪያ በእጃቸው እስኪገባ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የለባቸውም። የሳይንስ ተማሪው ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃውን ቀድቶ፥ ቀኑን ጽፎ፥ አየር በማያስገባ ጠርሙስ ሊያኖር ይችላል፤ የደንቆሮን ደን ቅጠሎች ከየዓይነታቸው ሊሰበስብ ይችላል። የታሪክ ተማሪው በቦረናና በለጋምቦ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዶ ክፉ ዓመታትን ከነስማቸው፥ በዚያን ጊዜ የእህሉን ዋጋ፥ ማን ሸሽቶ ወደ የት እንደ ሄደ፥ ማንስ እህል ይዞ እንደ ነበረ ሊጽፍ ይችላል። ሽማግሌው እንደ ጭቃው ሺህ ዓመት አይጠብቀንም፤ ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ደብተርና እርሳስ ይዘን እንሂድ።